«ሹርሊ»፣ «ሰርተንሊ»፣ «ዴፊኒትሊ»፦ ሁሉንም «በእርግጥ» ብላችሁ አትለፏቸው

ይህን የምጽፈው በእንግሊዝኛ ኢሜይል እየተጻጻፋችሁ ለምትሠሩ፣ ለፈተና ለምትዘጋጁ፣ ወይም የትምህርት ማመልከቻ ለምትጽፉ ነው። ሰዋስዋችሁ ደህና ሆኖ፣ ቃላትም ሳያጥራችሁ፣ የሚያነብላችሁ ሰው ግን ቅር እያለው ከሆነ፣ ችግሩ እርግጠኝነትን የምትገልጹባቸው ትንንሽ ቃላት ላይ ሊሆን ይችላል። እኔን ያስቸገረኝ በተለይ «ሹርሊ» የሚለው ቃል ነበር። በዚህ ቃል የተነሳ ጥሩ የሥራ ግንኙነት ከእጄ ሊወጣ ትንሽ ነበር የቀረው።

እንግሊዝኛ የተማርኩት እንደ ብዙዎቻችን በቃላት ዝርዝር ነው። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። «ሹርሊ»፣ በእርግጥ። «ሰርተንሊ»፣ በእርግጥ። «ዴፊኒትሊ»፣ በእርግጥ። «ኢንዲድ»ም ቢሆን በእርግጥ። ዝርዝሩ እንዲህ ካለኝ አንዱን በሌላው መተካት ምን ክፋት አለው? አንድን ቃል ደጋግሞ መጻፍ አያምርም ስለሚባል፣ አንዱን አንቀጽ በ«ሰርተንሊ» ከጀመርኩ ቀጣዩን በ«ሹርሊ» እከፍተው ነበር።

ሌላም ምንጭ ነበረኝ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የኪንግ ጄምስን ትርጉም፣ አነብ ነበር። እዚያ ውስጥ «ሹርሊ» ከባድ ቃል ነው። ኦሪት ዘፍጥረት 2፥17 ላይ አማርኛው «ሞትን ትሞታለህ» የሚለውን እንግሊዝኛው «ዛው ሻልት ሹርሊ ዳይ» ይለዋል። ዕብራይስጡ ያንኑ ግሥ ደግሞ በመጥራት ነገሩን ያጠነክራል። አማርኛው ያንን መንገድ ተከተለ፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ጥንካሬውን በ«ሹርሊ» ገለጸው። ከዚህ በላይ እርግጠኝነት ከየት ይመጣል? «ሹርሊ» ማለት ፈጽሞ የማይቀር ነገር ነው ብዬ ያዝኩ። ለዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ትክክል ነው። በዛሬ ንግግርና በሥራ ጽሑፍ ግን ቃሉ ሌላ ሥራ ይዟል። መንፈሳዊ መጽሐፍ እያነበበ እንግሊዝኛውን ያዳበረ ሰው ይህችን ነገር ልብ ይበላት።

ነገሩ የከፋው ሰነድ የማረም ሥራ በርቀት ስጀምር ነው። ከቡድኑ ጋር የምንገናኘው በጽሑፍ ብቻ ነበር። ፊት አይታይም፣ ድምፅ አይሰማም። ቃሉ ብቻውን ነው የሚሄደው።

አንድ ቀን ያረምኩትን ሰነድ ልኬ፣ መድረሱንም ከኮምፒውተሩ ሥርዓት ላይ አረጋግጬ፣ «ሹርሊ ዩ ሃቭ ሪሲቭድ ማይ ፋይል» ብዬ ጻፍኩ። ልል የፈለግኩት «ፋይሉ ደርሷችኋል፣ አረጋግጫለሁ፣ አትጨነቁ» ነው። እነሱ ያነበቡት ግን «ፋይሉ መቼም ደርሷችኋል! ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?» የሚል ነው። በሌላ ጊዜ ሥራውን በቀነ ገደቡ ትጨርሰዋለህ ወይ ተብዬ ስጠየቅ «ሹርሊ አይ ካን ፊኒሽ ኢት» አልኩ። በልቤ ቃል መግባቴ ነበር። እነሱ ጋ የደረሰው «መቼም አያቅተኝም፣ እንግዲህ» የሚመስል፣ ራሱን የሚያባብል ሰው ድምፅ ነው። የሥራው ግማሽ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ልብ በሉ፣ ቃሉ አንድ ነው። በአንዱ መልእክት ወቀሳ ሆነ፣ በሌላው ጥርጣሬ። እርግጠኝነት ግን በአንዱም አልሆነም።

ቀስ በቀስ መልሶቻቸው አጠሩ። ሰላምታው ቀረ። በመጨረሻ የቡድኑ አስተባባሪ በስልክ አገኘችኝና «የተቀየምክብን ነገር አለ ወይ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ምንም የለም አልኳት። ያኔ የላክኋቸውን መልእክቶች እየከፈተች፣ እሷ በሰማችበት ድምፅ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ሹርሊ»ዎቹ ላይ ስትደርስ ድምጿ ከፍ ይላል፣ ዓረፍተ ነገሩም መጨረሻው ላይ ጥያቄ ይሆናል። እኔ ስጽፈው በነጥብ የዘጋሁት ነገር እሷ ጋ ሲደርስ ጥያቄ ሆኖ ይከፈታል። ይህን በጆሮዬ መስማቴ ከማንኛውም የሰዋስው መጽሐፍ በላይ አስተማረኝ። እናንተም ብትችሉ ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው የራሳችሁን መልእክት ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ቃሉን በአማርኛ መፈለግ ያዝኩ። «በእርግጥ» እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ታዲያ ምንድን ነው? ያገኘሁት መልስ ከላይ ሳልፍ የተጠቀምኩበት ነው፦ «መቼም»።

«መቼም ስሙን አልረሳኸውም!» ስንል ምን እያልን ነው? አልረሳኸውም ብለን እናምናለን፣ ግን አላረጋገጥንም። አንተው አረጋግጥልን እያልን ነው። ትንሽ መገረም፣ ትንሽ መማጠን፣ አንዳንዴም ትንሽ ወቀሳ አለበት። «መቼም ብቻዬን አትተዉኝም» የሚል ሰው ብቻውን እንዳይቀር ፈርቷል። የዛሬው «ሹርሊ» ልክ ይህ ነው። ተናጋሪው ነገሩ እውነት ይመስለዋል፣ እውነት እንዲሆንም ይፈልጋል፣ ማረጋገጫውን ግን ከአድማጩ ይጠብቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የጥያቄ ምልክት ይከተለዋል። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይም ሊመጣ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን «አይደለም እንዴ?» የሚል ቃና አይለየውም።

«ሰርተንሊ» ግን አይጠይቅም፣ ይናገራል። «አውቃለሁ፣ እንዲህ ነው» ይላል። «ዴፊኒትሊ» ደግሞ በሩን ይዘጋዋል፦ አለቀ፣ ተወስኗል፣ ወደኋላ የለም። ከሁለቱ «ዴፊኒትሊ» ለዕለት ንግግር ይቀርባል፤ «ሰርተንሊ» ትንሽ ኮስተር ይላል፣ ለመደበኛ ደብዳቤም ይስማማል።

የቃላቱ ሥር ለማስታወስ ረድቶኛል። «ሹር» እና «ሴክዩር» ከአንድ የላቲን ቃል የመጡ ናቸው። ሥሩ «ያለ ሐሳብ፣ ያለ ስጋት» ማለት ነው። እንግዲህ «ሹር» ስለ ተናጋሪው ልብ ይናገራል፦ ልቤ አርፏል። «ሰርተን» ግን የመጣው ማጣራትን፣ መለየትንና መወሰንን ከሚገልጽ የላቲን ግሥ ነው፦ ነገሩ ተጣርቷል። «ዴፊኒት» ውስጥ ያለው ደግሞ ወሰንና ዳር ነው፦ ድንበሩ ተሰምሯል። አንዱ ስለ ልብ፣ አንዱ ስለ ማጣራት፣ አንዱ ስለ ድንበር። ከዚያ በኋላ አልተምታቱብኝም።

ከመላኬ በፊት ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «አጣርቻለሁ ወይስ ተስፋ እያደረግሁ ነው?» ካጣራሁ «ሰርተንሊ» ወይም «ዴፊኒትሊ»። ተስፋ ከሆነ፣ ሌላው እንዲያረጋግጥልኝም ከፈለግኩ፣ «ሹርሊ» ቦታው ነው። ለአለቃ ወይም ለማላውቀው ሰው በምጽፈው ላይ ግን ተስፋም ቢሆን «ሹርሊ» አልጠቀምም። «ኩድ ዩ ኮንፈርም» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

በአሉታ መልስ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። «ስብሰባውን ይሰርዙት ይሆን?» ብትባሉ «ሰርተንሊ ኖት» ማለት «በጭራሽ!» ነው። «ሹርሊ ኖት» ግን «ኧረ ይሄንንስ አያደርጉም!» እንደማለት ነው፤ ማመን ያቃተው ሰው ቃል። የመጀመሪያውን የሚል ሰው ጉዳዩን ያውቃል። ሁለተኛውን የሚል ሰው ዜናውን ከእናንተ እየሰማ ነው።

ለጥያቄ መልስ ሲሆን ደግሞ ትንሽ ይለያል። የሆነ ሰው እርዳታ ሲጠይቃችሁ «ሰርተንሊ» ብላችሁ ብትመልሱ ጨዋ መልስ ነው፣ የእኛው «እንዴታ!» ይሆናል። አሜሪካኖች «ሹር» ይላሉ፣ አንዳንዶቹም «ሹርሊ» ሲሉ ይሰማል። እሱ እሺታ ነውና ከላይ ካልኩት ጋር አይቀላቀልባችሁ። «ስሎውሊ ባት ሹርሊ» የሚለው አባባልም ለብቻው ነው የሚቆመው። እዚያ ላይ «ሹርሊ» ሳያቋርጡና ሳይሰናከሉ መሄድን ያሳያል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደምንለው መሆኑ ነው።

«ሹርሊ»ን ከተውኩ በኋላ «ዴፊኒትሊ»ን የሙጥኝ አልኩ። እሱም የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ስብሰባ ላይ እንደማልገኝ ለማሳወቅ «አይ አም ኖት ዴፊኒትሊ ካሚንግ» ብዬ ጻፍኩ። በአሳቤ «በፍጹም አልመጣም» ነው። እነሱ የተረዱት «መምጣቴ ገና አልተረጋገጠም» ብለው ነው፣ እና ሲጠብቁኝ ቆዩ። አሉታው ከፊት ሲቀመጥ የሚመታው እርግጠኝነቱን ራሱን ነው። ትክክለኛው «አይ አም ዴፊኒትሊ ኖት ካሚንግ» ነበር። እዚህ ላይ እርግጠኝነቱ ከፊት ይቆምና አሉታውን ያጠነክረዋል። አንዲት ቃል ቦታ ለወጠች፣ ትርጉሙ ተገለበጠ። ይህ በተለይ ውል፣ ቀጠሮና ክፍያ በሚመለከት ጽሑፍ ላይ ብዙ ነገር ያበላሻል።

የቦታው ነገር ከባድ አይደለም። ዋናው ግሥ ብቻውን ከሆነ ቃሉ ከፊቱ ይገባል፦ «አይ ዴፊኒትሊ ሴንት ኢት»። እንደ «ዊል» ያለ ረዳት ግሥ ካለ ከሱ ቀጥሎ ይመጣል፦ «አይ ዊል ዴፊኒትሊ ካም»። እንደ «ዎንት» ያለ የተጣበቀ አሉታ ሲሆን ግን ከፊቱ ይቀድማል፦ «አይ ዴፊኒትሊ ዎንት ካም»። እነዚህን ሦስቱን በቃል ያዟቸው፣ ሌላው ራሱ ይመጣል።

አጻጻፉንም ተጠንቀቁ። «ዴፊኒትሊ» ውስጥ «ፋይናይት» የሚለው ቃል ሳይቆረጥ አለ፣ «ኤ» የምትባለዋ ፊደል ግን የለችም። በጣም የተለመደው ስህተት እሷን መጨመር ነው። ፊደላቱ ሲዛቡ ደግሞ ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ አርሞ «ዲፋየንትሊ» ሊያደርገው ይችላል። እሱ «በእምቢተኝነት» ማለት ነው። «ሥራውን በእምቢተኝነት እሠራዋለሁ» ብሎ ለቀጣሪ መላክ የሚፈልግ ሰው የለም። ቀዩ መስመር ጠፋ ብላችሁ አትመኑት፣ ቃሉን ራሱን ተመልከቱት።

ከሁሉ የገረመኝ «ኖ ዳውት» ነው። ቃል በቃል «ጥርጥር የለም» ይላል፣ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ «ይመስለኛል» ከማለት እምብዛም አያልፍም። «ኖ ዳውት ሂ ዊል ካም» የሚል ሰው እየገመተ ነው። እውነተኛውን «ያለጥርጥር» ከፈለጋችሁ «ዊዛውት ዳውት» ወይም «አንዳውተድሊ» ማለት አለባችሁ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ እንግሊዝኛው አስቸጋሪ ሆነብኝ። በኋላ የራሳችንን ቋንቋ አስተዋልኩ። «ሳይመጣ አይቀርም» የምንለው ምንድን ነው? ቃሉን ከፈታነው የማይቀር ነገር ነው፣ ስንናገረው ግን ግምት ነው። «መምጣቱ አይቀርም» ስንል ደግሞ የምር አይቀርም። ያሉት ቃላት ሁለት ብቻ ናቸው፣ አካሄዳቸው ግን ትርጉሙን ይለውጠዋል። እንግዲህ «ኖ ዳውት» የመጀመሪያው ነው፣ «አንዳውተድሊ» ሁለተኛው። አማርኛችን ውስጥ ይህ ልዩነት ካለ እንግሊዝኛው ላይ ልንማረው አያቅተንም።

«ኦፍ ኮርስ»ንም በጥንቃቄ ያዙት። እርዳታ ለጠየቃችሁ ሰው ጥሩ መልስ ነው። መረጃ ለጠየቃችሁ ሰው ግን «ይሄማ ይታወቃል፣ ምኑ ይጠየቃል?» ይመስላል። «ሰነዱ ዝግጁ ነው?» ላለ ሰው «ኦፍ ኮርስ» ከማለት «የስ፣ ኢት ኢዝ» ማለት ይሻላል። ይህን ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች ሳይቀሩ ይስቱታል፣ ማንም አያርማቸውም፤ የሰማው ሰው ቅር ብሎት ዝም ይላል።

አንድ ሌላ ነገር ማመልከቻ ለሚጽፉ። «ሺ ኢዝ ሹር ቱ ዊን» ሲባል እርግጠኛው ማን ነው? እሷ አይደለችም። ተናጋሪው ነው፦ «ማሸነፏ አይቀርም» እያለ ነው። «ሺ ኢዝ ሹር ኦፍ ዊኒንግ» ሲባል ግን እርግጠኛዋ እሷ ናት፦ «እንደምታሸንፍ ተማምናለች» ማለት ነው፣ ተናጋሪው ምን እንደሚያስብ አልነገረንም። «ሰርተን»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ስለ ራሳችሁ ስትጽፉ የትኛውን እንደምትሉ አስቡበት። እንዲሁም «ኢት ኢዝ ሰርተን ዛት» ይባላል፣ «ኢት ኢዝ ሹር ዛት» ግን አይባልም። ይህም ቢሆን ከሥሩ ጋር ይሄዳል፤ «ሹር» የሚሆነው ልብ ያለው ሰው ነው፣ ነገሩ ራሱ አይደለም።

ለሥራ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ አንድ ታሪክ ልጨምርላችሁ። ሼርማን ኬንት የሚባል የአሜሪካ የስለላ ተንታኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ቢሮው ስለ ዩጎዝላቪያ ባወጣው ሪፖርት ላይ በአገሪቱ ላይ ጥቃት የመሰንዘሩን ዕድል «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ»፣ ማለትም «በብርቱ የሚታሰብ ዕድል» ብለው ጻፉ። በኋላ ኬንት አብረውት የጻፉትን ባልደረቦቹን በቁጥር ስንት ማለታችሁ ነው ብሎ ጠየቃቸው። መልሳቸው ከ20 እስከ 80 ከመቶ ተራራቀ። ሁሉም በዚያችው ቃል ተስማምተው ፈርመዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ቃል ቁጥር ሰጠ፤ ለምሳሌ «ኦልሞስት ሰርተን» 93 ከመቶ ገደማ። ዛሬም የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ቡድን በሪፖርቶቹ እንዲሁ ያደርጋል። «ላይክሊ» ካለ ከ66 ከመቶ በላይ፣ «ቨሪ ላይክሊ» ካለ ከ90 በላይ፣ «ቨርቹዋሊ ሰርተን» ካለ ከ99 በላይ ማለቱ ነው።

እኔ በየኢሜይሌ ላይ ቁጥር አልጽፍም። ግን ከዚያ የወሰድኩት ልማድ አለ። «በእርግጥ ይደርሳል» የሚለውን ቃል አወጣና ማስረጃውን አስቀምጣለሁ። መቼ ላክሁት፣ በምን አየሁት፣ ምን ይቀረዋል። አንባቢው እርግጠኝነቱን ራሱ ያገኘዋል።

እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ቃሉን ጨርሶ መተው ነው። «አይ አም ሹር አይ ሴንት ኢት» የሚል ሰው የሚያስታውስ ይመስላል፣ ምናልባትም ሳይልከው ቀርቶ ይሆናል። «አይ ሴንት ኢት» የሚል ሰው ልኳል። «ሂ ማስት ቢ ኢን ዚ ኦፊስ» የሚል ሰው ከምልክት ተነስቶ እየገመተ ነው፣ እኛም «ቢሮ መሆን አለበት» እንደምንለው። «ሂ ኢዝ ኢን ዚ ኦፊስ» የሚል ግን አይቶታል። በአማርኛም «ልኬዋለሁ» ከ«በእርግጥ የላክሁት ይመስለኛል» ይበረታል። የእርግጠኝነት ቃል መጨመር ዓረፍተ ነገሩን ሁልጊዜ አያጠነክረውም። አንዳንዴ «ይህ ሰው ለምን ማረጋገጥ አስፈለገው?» ያሰኛል። ቃሉን ቆጥባችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ ግን ስትሉት ይሰማል።

ከዚያ ቡድን ጋር አሁንም እሠራለሁ። አስተባባሪዋ ከዚያ ስልክ በኋላ ለሌሎቹ አስረዳችልኝ፣ እኔም የድሮ መልእክቶቼን ከፍቼ «ሹርሊ» ያልኩበትን ሁሉ በ«መቼም» እየተካሁ አነበብኳቸው። ይህን ልምምድ ለማንም እመክራለሁ። የላካችሁትን ኢሜይል ክፈቱ፣ ቃሉ ያለበትን ቦታ ፈልጉ፣ «መቼም» አስገቡበትና አንብቡት። ልትሉ ያሰባችሁትን ካለ ደግ ነው። ወቀሳ ወይም ልመና ከሆነባችሁ አንባቢያችሁም የሰማው ያንኑ ነው።

በተቃራኒውም ይሠራል። አለቃችሁ «ሹርሊ ዚስ ካን ዌይት?» ብሎ ከጻፈላችሁ ትእዛዝ አድርጋችሁ አትውሰዱት። «መቼም ይሄ ትንሽ ቢቆይ ችግር የለውም፣ አይደል?» እያለ ነው፣ መልስ ይጠብቃል። የማይቆይ ነገር ከሆነ ምክንያቱን ጻፉና ንገሩት። እኔ ይህን ሳላውቅ «አይቻልም» የተባልኩ እየመሰለኝ ብዙ ሥራ አቁሜያለሁ። አሁን እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰኝ «ዛሬ ካልገባ ማተሚያ ቤቱ አይቀበለንም» ብዬ እመልሳለሁ፣ ብዙ ጊዜም «እንግዲያው ቀጥል» ይሉኛል።